ይምጣና ይልበሰው

የጋሽ ይማምን ሞት የሰማሁት ከሳሪስ አቦ ወደ አቃቂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የክር ካርቶን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ነው። የደወለችው ልጃቸው ዘሃራ ናት። ረዳቱ ጆሮዬ ስር እየጮኸ ሰው ስለሚጠራ መጀመሪያ የምትለውን አልሰማሁም።

"አባባ አረፈ" አለች ደግማ።

"መቼ?"

"ትናንት ጠዋት። ከሰዓት ቀበርነው። እኛ ሬሳ እንደማናቆይ ታውቃለህ፤ ስልክህ ደግሞ አይሠራም ነበር።" ቀጥላም፣ "ያንተ ዕቃ እዚህ አለ። ጨርሶልሃል። ስትመጣ ትወስደዋለህ" አለችኝ።

ጨርሶልሃል። ካርቶኑን እንዳቀፍኩ ከመውረጃዬ አልፌ ሄድኩ።

እኔ የክርና የቁልፍ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ የተጀመረውም የተፈጸመውም አቃቂ ገበያ ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ ሰው ስጽፍ ስለ ዕቃ የማወራ ከመሰለ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ይማምን የተማረ ሰው ቢጽፋቸው ደስ ባለኝ። የተማሩት ግን በዚያን ጊዜ ልብሳቸውን ሌላ ቦታ ነበር የሚያሰፉት።

በደርግ ጊዜ የሳቸውን የልብስ ስፌት ቤትና የኔን ሱቅ የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነበር። ቦታው ደብረ ዘይት መንገድ ዳር ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ብዙ አይርቅም። እሳቸው ሲያስሉ የኔ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሬዲዮ ስከፍት እሳቸው የስፌት መኪናቸውን ያፈጥኑታል፤ በተለይ ስለ ጦሩ ድል ሲወራ።

"ምነው ጋሽ ይማም፣ ዜና አይወዱም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ዜናው መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ማን እንደተሾመ ካወቅህ፣ የማን ቦታ እንደተለቀቀ ለማወቅ ምን ሬዲዮ ያሻል?"

የወሎ ሰው ናቸው፤ ከደሴ ወዲያ። ረጅም ናቸው፤ ከዘመን ብዛት አንገታቸው ወደ ስፌት መኪናው ጎንበስ እንዳለ ቀርቷል፤ መንገድ ላይ ሲሄዱ እንኳ የወደቀ መርፌ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ሲሠሩ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ስለሚይዙ ንግግራቸው አጭር ነበር። ብዙ ቃል የሚጠይቅ ጉዳይ ሲመጣባቸው ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ኮሌታቸው ላይ ይሰካሉ፤ ያኔ ደንበኛው ነገሩ ከባድ መሆኑን ያውቃል። ከኔ ክር ሲወስዱ ጫፉን በጥርሳቸው ይይዙና ሳብ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። "ይሄ ክር ውሸታም ነው" ብለው የመለሱልኝ ጊዜ አለ። እኔም ለሌላ ሰው ሸጥኩት፤ ሌላው ሰው ክር አያዳምጥማ።

ሱሪም ይሰፋሉ፣ የተማሪ ዩኒፎርምም ይሰፋሉ፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን ማዕረግ ነው። ከመንገዱ በላይ ካምፕ ነበር። እጅጌው ላይ ማዕረግ የጨመሩለት አስር አለቃም፣ ትከሻው ላይ ኮከብ የጨመሩለት መኮንንም ወደ ጋሽ ይማም ይወርዳል። ካምፑ የራሱ ልብስ ሰፊ አጥቶ አይደለም። የካምፑ ልብስ ሰፊ ማዕረግ የሚሰፋው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋሽ ይማም ጠረጴዛ ላይ ማዕረግ አይሰፉም።

ሕጋቸው እንዲህ ነው። ማዕረጉ የሚሰፋለት ሰው ልብሱን ለብሶ ይመጣል። መስተዋቱ ፊት ይቆማል። እሳቸው እየዞሩት በጠመኔ ያሰምራሉ፣ በስፒል ይይዛሉ፣ ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፣ ይነቅላሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። አውልቅ የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ስፌቱ በእጅ ነው፤ ክሩ ከላይ አይታይም፤ ማዕረጉ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ይመስላል።

"የሰው ትከሻ እኩል አይደለም" ይላሉ። "ጠመንጃ የኖረበት ወገን ወርዷል። ክንድም ወደ ውስጥ የሚዞር አለ፣ ወደ ውጭ የሚዞር አለ። ባዶ ኮት ላይ ቀጥ ያለው፣ ሰው ሲገባበት ይጣመማል። ሰው ሲገባበት ቀጥ የሚለው ደግሞ ባዶውን ስታየው ጠማማ ነው። እኔ የምሰፋ ለሰውየው ነው። ለመስቀያ ሹመት አልሰጥም።"

አዲስ የተሾመ ወታደር መስተዋት ፊት ሲያቆሙት ይገተራል፤ ተረከዙን ያጋጥማል፣ ደረቱን ይነፋል። እንደዚያ ያለው ሰው አይለካም። ጋሽ ይማም ዞር ይሉና ካውያቸውን ይቆሰቁሳሉ፣ ቅዳጅ ይለቅማሉ። ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡ "የእናትህ ስም ማነው?" ይሉታል። ልጁ ይነግራቸዋል። ስሙን ሲጠራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ያኔ በፍጥነት ዞረው በጠመኔ ያሰምሩበታል። የስንቱን ወታደር እናት ስም ያውቁ እንደነበር እንጃ። አንድም ጊዜ ሲያምታቱ አልሰማሁም።

እኔ ይህንን ሕግ ያመንኩት በታናሽ ወንድሜ በሰለሞን ነው። ሰለሞን ልጅ ሆኖ፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ፣ የዕቃ ባቡር ሲንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ ወደቀና ግራ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ ገጠመ፤ ግን ከክርኑ ጀምሮ ወደ ውጭ ዘወር ብሎ ቀረ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ማንም ቢሰፋው ግራ እጅጌው ይሸበሸባል። ጋሽ ይማም አቁመው አዩትና እጅጌውን አዙረው ገጠሙት። ልጁ ለብሶት ሲወጣ ክንዱ ተሰብሮ የማያውቅ መሰለ። ሲያወልቀው ግን ያስቃል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዩኒፎርም አንድ እጁን ወደ ሰው ኪስ የላከ ሌባ ይመስላል። እናቴ "ልብሱን ሰበሩት፣ ልጄን አዳኑት" ትል ነበር።

በዚህ ሕግ ፊት ሹም የለም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ጊዜ ካኪ ኮቱን በአብዮት ጠባቂ ላከ፤ ክንዱ ላይ አርማ እንዲሰፋለት። ጋሽ ይማም ኮቱን ሳይነኩ "ይምጡና ይልበሱት በላቸው" አሉ። ጠባቂው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ለጓድ ሊቀመንበር እንዲህ ብዬ ልንገራቸው?"

"እንዲህ ብለህ። ክንዳቸውን አንተ ይዘህልኝ መጥተሃል?"

ዛሬ አለቀላቸው አልን። ሊቀመንበሩ ግን መጣ። መስተዋቱ ፊት ቆሞ ደረቱን ነፋ። ጋሽ ይማም ስፒሎቻቸውን እንደነከሱ "ደረትዎን ይልቀቁት። እንደ ሰው ይቁሙ" አሉት። ሰውየው ደረቱን ለቀቀ። በዚያ ዘመን እሱን እንደ ሰው ያቆመው ሌላ ሰው አላየሁም።

"ይምጣና ይልበሰው" የሚለው ቃል ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ወደ ሰሜን የሚዘምት ወታደር ትርፍ ኮቱን ቤት ትቶ ይሄዳል። ሹመቱ በደብዳቤ ወይ በሰው ሲሰማ ሚስቱ ወይ እናቱ ኮቱን ተኩሳ ትመጣለች፤ ሲመለስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ብላ። ጋሽ ይማም "ይምጣና ይልበሰው" ይሏታል። ሴትየዋ ትከራከራለች፣ ትለማመጣለች፣ በመጨረሻ ኮቱን አቅፋ እየሳቀች ትሄዳለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ እያየሁ ነገሩ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም። እምቢ ተብሎ የሚስቅ ደንበኛ የትም ገበያ አላጋጠመኝም።

በኋላ ነው የገባኝ። ሴቶቹ የሚመጡት ለስፌቱ አልነበረም፤ ያንን ቃል ሊሰሙ ነበር። መኮንኖች ልብስ ሰፊን እንደ መስተዋቱ ነው የሚቆጥሩት፤ ፊቱ ቆመው የማያወሩት ነገር የለም። ስለዚህ ጋሽ ይማም ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ያውቃሉ። እሳቸው "ይምጣ" ካሉ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው። ልጅሽ ሞቷል የሚል መንግሥት በሌለበት፣ ከሬዲዮም ከቀበሌም ይልቅ የሚታመነው ይህ እምቢታ ነበር።

ከሁሉም የምታዘወትረው አስካለ ነበረች። ባሏ መቶ አለቃ ጌታሁን ግንባር ነበር፤ ሻምበል መሆኑን በደብዳቤ ጽፎላታል። ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፈረቃ ስትወጣ፣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ እንደተጣበቀ፣ ኮቱን ክንዷ ላይ አድርጋ ብቅ ትላለች።

"ጋሽ ይማም፣ ዛሬስ?"

"ይምጣና ይልበሰው።"

"የሱ ትከሻ እኮ እንደ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቢሰፉት ምን አለበት?"

"ጠረጴዛው ይምጣና ይልበሰው።"

ስቃ ትወጣለች። ከቀናት በኋላ ደግሞ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ክር ላቀብላቸው ስገባ አንድ ወጣት መኮንን መስተዋቱ ፊት ቆሟል። አዲስ ሻምበል ነው። ጋሽ ይማም ትከሻውን በስፒል እየያዙ ወዴት እንደተመደበ ጠየቁት። ነገራቸው። የጌታሁን ቦታ ነበር።

"ጌታሁንስ ወዴት ተዛወረ?" አሉ።

መኮንኑ በመስተዋቱ ውስጥ አያቸው። "እዚያ ጉብታ ላይ ከነበሩት የወረደ የለም፣ ጋሼ" አለ። ከዚያ ፊቱን ጨምደድ አደረገ። "ኧረ ወጉኝ።"

እውነትም ስፒሉ ትከሻው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰው ሲወጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"እኔ የነገርኩዎት ነገር የለም" አለ ሲወጣ።

"ምን ነገርከኝ?" አሉት።

አስካለ በማግስቱ መጣች። ሹመቱ የደረሳት ሴት ሞቱ አልደረሳትም፤ ሁለቱ በአንድ ፖስታ አይላኩም።

"ጋሽ ይማም፣ ዛሬስ?"

የስፌት መኪናው ቆመ። እኔ በወዲያኛው በኩል ቁልፍ እየለየሁ ነበር፤ ዝምታው ሲረዝምብኝ በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ ይማም ስፒሎቹን ከአፋቸው እያወጡ ኮሌታቸው ላይ ይሰካሉ። አስካለ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ትጠብቃለች። ያንን ቃል ለስንቱ ሲሉት የኖሩ ሰው፣ አፋቸው ነጻ ሆኖ ሊያወጡት አልቻሉም። የማይመጣን ሰው ይምጣ ማለት ከበዳቸው። ስለዚህ እጃቸውን ዘረጉ።

"አስቀምጪው፣ ልጄ" አሉ።

ስህተቱ ይሄ ነው። እኔ እንደገባኝ ሊያተርፏት ነበር ያሰቡት፤ ኮቱን ልቀበላት፣ ደስ ብሏት ትሂድ፣ መርዶውን ሌላ ሰው ያርዳት ብለው። ለሁሉም እምቢ ሲል የኖረ ሰው እሺ ሲል ምን ማለት እንደሆነ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ያልገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አስካለ ኮቱን አልለቀቀችም። እሳቸው በአንዱ እጅጌ፣ እሷ በሌላው ይዘውት ቆሙ።

"ለምን ተቀበሉኝ?" አለች።

"ልሰፋልሽ ነው።"

"ይምጣና ይልበሰው በሉኝ።"

"አስካለ..."

"በሉኝ! ይምጣና ይልበሰው በሉኝ፣ ጋሽ ይማም!"

አላሏትም። ኮቱን ነጥቃ ወጣችና ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ጮኸች። "ተቀበሉኝ! ኮቱን ተቀበሉኝ!" ነው የምትለው። የሰሙ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተሰበሰቡ፤ አብረዋት ደረታቸውን መቱ። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ አንድ አብዮት ጠባቂ እየሮጠ መጣ።

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ኮቱን ተቀበሏት!" አለችው አንዷ እያለቀሰች።

"ታዲያ ልብስ ሰፊ ኮት ካልተቀበለ ምን ይቀበል?"

ሌላ ቀን ቢሆን መንገዱ ሙሉ ይስቅበት ነበር።

ጋሽ ይማምን በዚያው ከሰዓት ወሰዷቸው። ክሱ ጸረ አብዮት አሉባልታ መንዛት ነው። እኔንም ለምስክርነት ጠሩኝ። ሊቀመንበሩ ያችን አርማ ክንዱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ምን ልበል፣ ቀጥ ብላለች።

"ሰውየው ምን ሲል ሰማህ?" አለኝ።

"'አስቀምጪው፣ ልጄ' ሲሉ።"

"ሞቷል አላለም?"

"አላሉም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ኮት ብቻ ነው የተቀበሉት።"

ወደ ጋሽ ይማም ዞረ። "የኔን እንኳ እምቢ ብለህ አልነበረም? የሷን ለምን ተቀበልክ?"

ጋሽ ይማም መሬት መሬት እያዩ፣ "ተሳስቻለሁ" አሉ። "መቀበል አልነበረብኝም።"

"ሁለተኛ ትቀበላለህ?"

"ወላሂ አልቀበልም።"

እንዲህ አስምለው፣ ለማስጠንቀቂያ ይሁን ብለው ደግሞ አሰሯቸው። ወንጀላቸው ኮት መቀበል ነበር። በዚያ እስር ቤት ከዚህ በሚያንስ የገባም ስለነበር ማንም አልተገረመባቸውም።

ሲፈቱ ጢማቸው ሸብቷል። የአስካለ ኮት አልተሰፋም፤ እሷ ከል ለብሳ ወደ ፋብሪካዋ ተመለሰች። ጋሽ ይማም ሱቃቸውን ከፈቱ፤ ሴቶቹም መጡ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እምቢ ነው። የሚመጣም ይሁን የማይመጣ፣ የሚያውቁትም ይሁን የማያውቁት፣ "ይምጣና ይልበሰው"። ቃሉ ያው ነው። አባባላቸው ግን ተለወጠ፤ ቀና ሳይሉ፣ ስፒሉን እንደነከሱ፣ እንደሚያባርሩት ነገር ቶሎ ይሉታል። ሴቶቹ መሐላውን አልሰሙም አይባልም። አቃቂ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ቢሆንም መምጣታቸውን አልተዉም። መንግሥት የሻረውን ብር መጣል አቅቶት ሣጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ቃሉን ይዘው ይሄዳሉ።

"ጋሽ ይማም፣ ይህንን የማዕረግ ሥራ ለምን አይተዉትም?" አልኳቸው፤ ሰው ያልነበረበት ከሰዓት ነው።

ስፒሎቹን አወጡ። "ብተወው ሁሉም ሞተዋል ማለት ይሆናል" አሉኝ። ስፒሎቹን ወደ አፋቸው መለሱ።

ሰለሞንን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። እናቴ የተጣመመ ክንዱን ለመልማዮቹ አሳየቻቸው፤ "በቀኙ ይተኩሳል" አሏት። አንድ ጊዜ ለዕረፍት መጥቶ ትርፍ ኮቱን ትቶ ሄደ። ከዚያ አንድ ጓደኛው መጥቶ ሰለሞን አስር አለቃ መሆኑን ነገረን፤ ሁለት ጥንድ የእጅጌ ማዕረግ ደርሶት አንዱን ጥንድ በሱ እጅ ልኮ ነበር። "እማዬ ኮቴ ላይ ታሰፋልኝ፤ ስመጣ ሰላምታ የምትሰጠኝ እሷ ናት" ብሏል አለን። እናቴ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

አንድ ቀን ኮቱን ተኩሳ ወደ ጋሽ ይማም ስታመራ አየኋት። ይቅርብሽ አላልኳትም። ብዙ ሳትቆይ በኔ ሱቅ በኩል ተመለሰች፤ ፊቷ በርቷል።

"እምቢ አሉኝ!" አለች። "ይምጣና ይልበሰው አሉኝ!"

"እሰይ" አልኳት።

እሷ ስትሄድ ወደ ቆርቆሮው ተጠጋሁ። ጋሽ ይማም መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገቡ ይታገላሉ። ጫፉን በምላሳቸው ያረጥቡታል፣ ያሾሉታል፣ ይስቱታል። ዓይናቸው ያኔ ደህና ነበር። እዚያ መቆሜን እያወቁ ቀና አላሉም።

አልጠየቅኋቸውም። ነጋዴ ነኝ፤ ልሸከመው የማልችለውን ዕቃ ዋጋ አልጠይቅም።

እናቴ በዚያ እምቢታ ኖረች። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በእግሩ ሲመለስ፣ ደብረ ዘይት መንገድ ዳር ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ግራ ክንድ ታይ ነበር። ሰው "ይበቃዎታል፣ እማማ፣ ይግቡ" ሲላት "ጋሽ ይማም እምቢ ብለውኛል እኮ" ትላለች። በዚያ ሰሞን የጋሽ ይማም ሥራ ተገለበጠ፤ ወታደሮች ማዕረጋቸውን ሊያስፈቱ ይመጣሉ። ለመፍታት ማንም መልበስ አያስፈልገውም፤ ጠረጴዛ ላይ ይሠሩት ነበር። እናቴ በበራቸው ስታልፍ ግን መቀሱን ያስቀምጡና የሚፈልጉት ነገር ያለ ይመስል ወደ ጓሮ ይገባሉ።

እናቴ ስትሞት ኮቱ ሣጥኗ ውስጥ ነበር፤ ማዕረጉ ኪሱ ውስጥ።

ዓመታት አለፉ። መንገዱ ሲሰፋ ሁለታችንም ፈረስን። እኔ ገበያው ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ጋሽ ይማም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ኮዬ ፈጬ፣ ልጃቸው ዘሃራ ጋ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት ስሄድ ኮቱን ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት ለራሴም አልነገርኩትም።

"ማነው? ነጋዴው?" አሉ እግሬን ሰምተው።

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ይማም። እንዴት ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ። ገበያ እንዴት ነው?"

"ቁልፍ የሚገዛ ጠፋ። ሁሉም ዚፕ ሆነ።"

"ሰው መቸኮል ወደደ" አሉ።

ኮቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። እጃቸው ብቻውን ሥራ ጀመረ፤ ኮሌታውን፣ ትከሻውን፣ የቀኝ እጅጌውን ዳሰሰ። ግራው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ኪሱን ከፍተው ማዕረጉን አወጡና ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"የሰለሞን ነው" አሉ። አልጠየቁም።

"አዎ።"

"እናትህ ይዛው መጥታ ነበር።"

"አዎ።"

ዘሃራ ሻይ ይዛ ገብታ ቆመች። ከታች ልጆች ኳስ ሲያንቀረቅቡ ይሰማል። እኔ ሽበታም ሰውዬ፣ እንደ አስካለ ቆሜ ያንን ቃል ጠበቅሁ። ይምጣና ይልበሰው በሉኝ። ውሸትም ቢሆን እወስደዋለሁ፤ እናቴ ኖራበታለች።

ጋሽ ይማም ስፒል የሌለበትን አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ኮቱን ወደ ሆዳቸው ሳብ አደረጉት።

"አስቀምጠው፣ ልጄ" አሉኝ።

ሻዩን ጠጣሁ። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራን። አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ባዶ እጄን መሆኔን አየሁ።

ለለቅሶ ስሄድ ከሳሎኑ ጥግ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች፤ አስካለ ናት። እስክንተዋወቅ ጊዜ ወሰደብን። ዘሃራ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለውን ኮት አምጥታ እጄ ላይ አደረገችው።

"ክሩን መርፌ ውስጥ የማስገባለት እኔ ነበርኩ" አለችኝ። "ቀኙን ቶሎ ጨረሰው። ግራው ላይ ብዙ ቆየ፤ ይሰፋል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይሰፋል። አባባ፣ ጠሞብሃል ስለው፣ አንቺ ዝም በይ አለኝ።"

አስካለ ከተቀመጠችበት ጥቅሉን አየችው። እጅጌው ብቅ ብሎ ነበር።

"ተቀበሉህ?" አለችኝ።

"ተቀበሉኝ።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ "አይዞህ" አለችኝ። ስለ ሰለሞን አንድ ሰው አይዞህ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ደርሼ ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የክሩ ጫፍ እንኳ አይታይም። የቀኙ ማዕረግ ቀጥ ብሏል። የግራው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ዘመም ብሎ ተሰፍቷል። ባለቤቴ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

"ምስኪን፣ ማየት አቅቷቸው ነው" አለች። "ይሄኛው ተጣሞባቸዋል።"

"አልተጣመመም" አልኳት። "ሰው ስለሌለበት ነው።"